ለእቴቴ የሠራነው ምድጃ
በተመራቂዎች ማኅበር የዳግም መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

ፀጉራችን ሸበት ቢልም፣ አንዳንዶቻችን ሆድ ብናወጣም፣ ሳቃችን ግን ያው የድሮው ሆኖ ስላገኘሁት ደስ ብሎኛል።

ኮሚቴው ደውሎ «ከሙያሽ አንድ ነገር አቅርቢልን» ሲለኝ ስለ አዲስ የሕክምና መመሪያ እንደምናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ከምታከማቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሳንባ ሕሙማን ናቸው። ዛሬ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት ጭቃ ነው። ስላይድም የለኝም። የምነግራችሁ ስለ አንድ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ዳባት ለምትኖር አክስቴ ስለሠራነው ምድጃ። ቲቲፒ ዳባት የወጣችሁ ብርዱን አትረሱትም፤ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበንም አልሞቀንም ነበር። እዚያ አገር እሳት ምግብ ማብሰያ ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ አይተናል። ነገሩ ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ዕድሜዋ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። በሕይወቷ ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ምጣድ ፊት መቀመጥ የጀመረችው ግን በልጅነቷ ነው። እኔ ኮሌጅ በነበርኩባቸው ዓመታት ለምግብ ቤቶች እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። የደብተሬ፣ የጫማዬ፣ ለበዓል አገር ቤት የምመላለስበት የአውቶቡስ ገንዘብ የተገኘው ከዚያ ምጣድ ላይ ነው። ይህን የማነሣው አንጀታችሁን ለመብላት አይደለም። እዚህ አዳራሽ ካለነው ብዙዎቻችን በስተ ጀርባችን እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አለች። እናት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ ታላቅ እህት፣ ስሟ ይለያይ እንጂ ወንበሯ ያው ምጣድ ፊት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እቴቴ አቀበት ሲገጥማት ቆም ማለት ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ታርፋለች። ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል ይይዛታል። እሷ «ዕድሜ ነው» ትላለች፤ ጎረቤት «ብርድ መቷት ነው» ይላል። አክታዋ ተመርምሮ ነቀርሳ የለም። ልቧም ታይቶ ደኅና ነው። እኔ ዘንድ አምጥቼ በስፓይሮሜትሪ ስናስነፋት ግን ነገሩ ለየ፤ መድኃኒት ስባም እንኳ በመጀመሪያው ሴኮንድ የምታወጣው አየር በጠቅላላው ከምታወጣው ከ70 በመቶ በታች ነው። ሲኦፒዲ። ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ።

የሚታዘዘውን አዘዝንላት። ፓፉን እንዴት እንደምትስብ አሳየናት፤ እንደ ጎበዝ ተማሪም ተማረች። ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ጠዋት ፓፏን ትስባለች፣ ቀጥላም እሳቷን ታነዳለች። ሲጋራ ለሚያጨስ ታካሚ «አቁም» እንላለን፤ የሕክምናው የመጀመሪያ መስመር እሱ ነው። ለእቴቴስ ምን እንበላት? እንጀራ መጋገር አቁሚ? ሊጡን ምን ታድርገው? የልጅ ልጆቿስ ምን ይብሉ? ስለ መድኃኒቱ የማውቀው ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ያልቃል።

እስቲ ጭሱን ትንሽ እንየው። ጭስ ማለት በአመዛኙ ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ ነው። እንጨት ሲግል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በቂ ሙቀትና በቂ አየር ካገኘ ነበልባል ሆኖ ያልቃል፤ ካላገኘ ወደ ዓይናችንና ወደ ሳንባችን ይመጣል። በውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ፒ ኤም 2.5 የምንላቸው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡ ደቃቅ ብናኞችም አሉ፤ እነዚህን አፍንጫ አያስቀራቸውም፣ እስከ አየር ከረጢቶቹ ይወርዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጉልቻ በሚነድበት ዝግ ማድ ቤት ውስጥ መጠኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይቆጠራል። ይኸው ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱ ለምን? ያው እንደምታውቁት፣ እናት ስትጋግር ልጅ ጀርባዋ ላይ ነው።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ እንጀራ። ወጥ የሚሠራበት እሳት ከድስት ሥር ተሰብስቦ ይበቃል። ምጣድ ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ከመሐል እስከ ጠርዙ እኩል መጋል አለበት። መሐሉ በርትቶ ጠርዙ ከቀዘቀዘ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከምጣዱም አልነሣ ብሎ ያስቸግራል። ስለዚህ ሴቲቱ ጭራሮውን፣ ቅጠሉን፣ ኩበቱን በምጣዱ ዙሪያ ትበትነዋለች። ሦስት ጉልቻ ደግሞ በሁሉም በኩል ክፍት ነው፤ ነፋሱ ነበልባሉን እየገፋ ያወጣዋል። የማገዶው ሙቀት አብዛኛው ምጣዱን ሳይነካ ይባክናል፤ ጭሱ ፊቷ ላይ ይቀራል።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዢላት እንጂ!» የምትሉ አላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ከሁሉም የሚሻለው ንጹሕ ጉልበት መሆኑን አሁንም አልክድም። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺሕ ዋት በላይ ይፈልጋል። እቴቴ ቤት የገባው መስመር ከጎረቤት የተቀጠለ፣ ሁለት አምፖልና አንድ ሬድዮ የሚችል ነው። መብራቱም ይመጣል፣ ይሄዳል። ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ኩፍ ካለ ኩፍ አለ ነው፣ ቢያድር ይኮመጥጣል። የቡታ ጋዝ ምድጃውም ለወጥና ለሻይ እንጂ ለእንጀራ ምጣድ አይመችም። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ፤ መብራቱ አስተማማኝ እስኪሆን ድረስ የእቴቴ ሳንባ ምን ይሁን?

የተሻሻለ ምድጃ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ የወጣ ነው፤ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሠርቶ፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋል። ለከሰል «ላቀች» አለች። ከሸክላ የሚሠራ «ጎንዚዬ» የሚባልም አለ። ምርጥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር በፍተሻ ማገዶን ወደ ግማሽ ገደማ ይቆጥባል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ጭስ ማውጫ ቱቦ የለውም፤ ጭሱ ከኋላ ባለው የድስት ማስቀመጫ በኩል እዚያው ክፍል ውስጥ ይወጣል። ለጤነኛ ሰው ይህ ያነሰ ጭስ ነው። ለሲኦፒዲ ታካሚ ግን ጭሱ ከቤት መውጣት አለበት። ሌላው ምክንያት ከራሷ ከእቴቴ የመጣ ነው። «የሲሚንቶው ቢሰበር ማን ይጠግንልኛል? ጭቃ ከሆነ እኔው እለቀልቀዋለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባለቤቱ የማይጠግነው ዕቃ አንድ ቀን ጥግ ይጣላል፤ ጉልቻውም ይመለሳል።

መጀመሪያ ግን ምድጃ መቀየሩንም አልወደደችውም ነበር። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰማሽም?» አለች።

«ወጡን ማን አነሣ? እኔ የምልሽ ስለ ትንፋሽሽ ነው» አልኳት።

«ትንፋሼስ የእግዜር ነው።»

«ጭሱ ግን የእግዜር አይደለም፣ እቴቴ።»

ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያው እትዬን ጥሪያት፣ እሷ ነች ጭቃ የምታውቀው» አለች። እንዲህ ተስማማን።

እትዬ የተባሉት ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ናቸው። ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን ለሰፈሩ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሙያ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን ሁላችንም እናውቃታለን። የቤተ እስራኤል ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ የወለቃ ሸክላ የእነሱ እጅ ሥራ ነበር። በምግባችን ውስጥ ያለ እጃቸው የሚሆን ነገር የለም፤ ሸክላ ሠሪን ግን «ቡዳ» እያልን ስንሸሽ ኖረናል። አንድ ቀን ሙሉ እትዬ ጎን ቁጭ ብዬ ጭቃ ሳቦካ፣ ስለ ሙቀትና ስለ አፈር የሚያውቁት ነገር ከብዙ ትምህርት ቤት የሚሻል መሆኑን አየሁ። በዚህ ሥራ መምህሯ እሳቸው ነበሩ፣ እኔ ተለማማጅ፣ እቴቴ ደግሞ ተቆጣጣሪ።

አሠራሩን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ መሥራት የሚፈልግ ይኖራልና።

መጀመሪያ አፈር። እትዬ ከሦስት ቦታ አስመጡ። ከእያንዳንዱ በእንቁላል ልክ ድቡልቡል ሠርተው ጥላ ውስጥ አደረቁት። ሲደርቅ የተሰነጠቀው ጭቃነቱ በዝቷል፣ አሸዋ ይፈልጋል ማለት ነው። በጣት ሲነካ የሚፈረፈረው ደግሞ ማያያዣ አንሶታል። ሳይሰነጠቅ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን መረጥን። ይህን እኛ «ፓይለት ጥናት» እንለዋለን፤ እትዬ «መቅመስ» ይሉታል።

አፈሩ በወንፊት ተነፋ። ከአሸዋና ከደቃቅ የጤፍ ጭድ ጋር በውኃ ተለወሰ፤ ትንሽ እበትም ተጨመረበት። ከዚያ ተሸፍኖ አራት ቀን ቆየ። ጭዱ ሁለት ጥቅም አለው። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ እንደ ስፌት ይይዘዋል፤ እሳቱ ሲበላው ደግሞ በቦታው ጥቃቅን ባዶ ቦታ ይተዋል። ያ ባዶ ቦታ አየር ይይዛል፤ አየር ሙቀት አያሳልፍም፤ ስለዚህ እሳቱ ግድግዳውን በማሞቅ ሳይባክን ወደ ምጣዱ ይሄዳል። አመድም እንዲሁ ነው፤ ከእሳቱ ወለል ሥር አንድ ጣት ያህል አመድ አንጥፈናል።

ቀጥሎ ከፍታው። እዚህ ላይ ድርድር ነበረ። እኔ ቆማ እንድትጋግር፣ ወገቧም ሳንባዋም እንዳይታጠፍ ፈለግሁ። እቴቴ ደግሞ «ሁለት ሰዓት ልቆም? እግሬስ?» አለች። ሲኦፒዲ ላለበት ሰው ቆሞ መሥራት ራሱ ትንፋሽ ያስወጣል፤ ተቀምጦ መሥራትን ለታካሚዎቻችን እኛው አይደለን የምንመክረው? ስለዚህ በርጩማዋ ላይ አስቀምጠን ክርኗ እስከሚደርስበት ለካን፤ ምጣዱ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ሆነ። ጎንበስ ሳትል ሊጡን ታዞራለች፣ ሳትንጠራራ እንጀራውን ታወጣለች።

ግድግዳው የአንድ መዳፍ ውፍረት አለው፤ በምጣዱ ልክ ክብ ሆኖ በሦስት ቀን ተነሣ። በአንድ ቀን አይገነባም፤ ታችኛው ሳይጠነክር ላይኛው ከተጫነበት ይዘጠዘጣል። ከእሳቱ ወለል እስከ ምጣዱ ታች አንድ ስንዝር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ነበልባሉ ሳይጨርስ ምጣዱን ይመታና ይጠቁራል፤ ማለት ጭስ ይሆናል። ከበዛ ደግሞ ሙቀቱ ሳይደርስ ይቀራል። የማገዶው አፍ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ፍልጥ እንጂ ጉማጅ አያስገባም። እንጨቱ ከታች በተደረገ የብረት ርብራብ ላይ ይተኛል፤ አየር ከሥሩ ገብቶ ፍሙን እየነፋ ያልፋል።

ከአፉ ትይዩ፣ በኋላ በኩል፣ የጭሱ መውጫ አለ። እዚያ አፋፍ ላይ እትዬ ከጭቃ ትንሽ ጉብታ ሠሩ። «ይህ ምንድነው?» ስል «እሳቱ ቸኩሎ እንዳይወጣ» አሉኝ። ነበልባሉ ጉብታውን ሲያገኝ ወደ ላይ ይነሣና በምጣዱ ሥር ይነጠፋል፤ ጠርዙ ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው። ቱቦውን ቆርቆሮ ሠሪ አዘጋጀው። በግድግዳው በኩል ወጥቶ ከጣሪያው በላይ ከፍ ይላል። ከጣሪያ በታች ከቀረ ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል። ግድግዳው እንጨት ስላለበት ቱቦው በሚያልፍበት ዙሪያ አንድ መዳፍ ያህል ጭቃ ተሞልቷል፤ ይህ ካልተደረገ ቤት ይቃጠላል። ቱቦው ላይ የምትዘጋና የምትከፈት ቆርቆሮ አለች። እሳቱ ሲያያዝ ትከፈታለች፤ ከተቀጣጠለ በኋላ በከፊል ትዘጋለች፤ አለዚያ ቱቦው ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ ማድረቅ። ሦስት ሳምንት በጥላ። በየቀኑ እቴቴ በእርጥብ እጇ ስንጥቁን ትለቀልቀዋለች። የመጀመሪያው እሳት የጭራሮ ብቻ ነበር፤ በውስጡ የቀረ እርጥበት በድንገት ከፈላ ጭቃውን ይፈነቅለዋልና። አዲሱ ምጣድ በጎመን ዘር ተሟሽቶ ተጣደ። እቴቴ ሊጥ ጠብ አድርጋ መሐሉን አየች፣ ጠርዙን አየች፣ አክንባሎውን ደፋች። ሲከፈት እንጀራው ከዳር እስከ ዳር ዓይን አውጥቷል። እሷ ግን መጀመሪያ ያየችው እንጀራውን ሳይሆን በሩን ነው፤ «ጭሱ ወዴት ሄደ?» አለች። ወጥተን ከጣሪያው በላይ አሳየናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ምድጃ ምን አደረገ፣ ምንስ አላደረገም? እዚህ ያላችሁት የሙያ ሰዎች ስለሆናችሁ አላጋንንም።

ያደረገው፦ ማገዶዋ እንደ እሷ አቆጣጠር ግማሽ ገደማ ቀንሷል። ዓይኗ ሲጋገር አያለቅስም። ስትጋግር የሚይዛት ሳል ቀርቷል፤ መሐል ላይ ወጥታ አየር ሳትስብ ሊጧን ትጨርሳለች። የልጅ ልጇ እሳት አጠገብ ሲድህ እንደ ድሮው ልባችን አይንጠለጠልም፤ እሳቱ ግድግዳ አለው።

ያላደረገው፦ የጠፋውን ሳንባ አልመለሰም። እንዲመልስም አይጠበቅም። ፓፉን ዛሬም ትስባለች፤ የመጋቢት አቀበት ዛሬም ከብዷታል። እኛ ያደረግነው መውረዱን ለማዝገም ነው። ደግሞ እሳት ምግብ ማብሰያ ብቻ አይደለም ብያችሁ ነበር። ዳባት ማታ ይበርዳል። በጉልቻው ዙሪያ ቤተሰቡ ይሞቅ ነበር፤ ይጫወትበት ነበር። የተዘጋ ምድጃ ያንን ይወስዳል፤ ብዙ የተሻሻሉ ምድጃዎች ጥግ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። የእቴቴ ምድጃ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከጋገረች በኋላ ለሰዓታት ሙቀት ይይዛል፤ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። ለበዓል ትልቅ ድስት ሲጣድ ግን ጉልቻው ይመለሳል፤ ያኔ ውጭ፣ ግቢ ውስጥ እንዲሆን ተስማምተናል።

በዓለም የተሠሩት ጥናቶችም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፕሮፌሰር ከርክ ስሚዝ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከባልደረቦቹ ጋር በጓቴማላ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለቤተሰቦች አከፋፍለው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። ሕፃናቱ የሚተነፍሱት ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ቀነሰ። በሐኪም የተረጋገጠው የሳንባ ምች በጠቅላላው የቀነሰው ግን በስታቲስቲክስ እርግጠኛ ለመሆን የሚያበቃ አልነበረም፤ ከባዱ ዓይነት ላይ ግን መቀነሱ በግልጽ ታይቷል። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናት በተካተቱበት ጥናት ደግሞ ማራገቢያ ያለው የተሻሻለ ምድጃ የሳንባ ምችን አልቀነሰም፤ የእሳት ቃጠሎ ጉዳት ግን ቀንሷል። ትምህርቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ጭስን ትንሽ መቀነስ ትንሽ ይጠቅማል፤ ብዙ ለመጥቀም ብዙ መቀነስ አለበት። የጭቃ ምድጃ የመጨረሻው መልስ አይደለም። አስተማማኝ መብራት እስኪመጣ ግን እቴቴ መተንፈስ አለባት።

ታዲያ እኛስ? ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛው ለሁላችንም፣ ካርድ ለምንጽፈው። ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሲመጣ ስንት ፓኬት፣ ስንት ዓመት ብለን እናባዛለን። ሃምሳ ዓመት ምጣድ ፊት የተቀመጠች ሴት ስትመጣ ግን «ሲጋራ፦ የለም» ብለን እናልፋለን። አራት ጥያቄ እንጨምር፤ በምን ታበስያለሽ? በቀን ስንት ሰዓት? ጭሱ በየት ይወጣል? ስትጋግሪ አጠገብሽ ማን ይቀመጣል? ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አስም ነው የተባለ፣ በነቀርሳ መድኃኒት የተሞከረ ስንት ሳል ከዚህ ጥያቄ በኋላ ስሙ ይቀየራል።

ሁለተኛው ለመምህራኖቻችን። ይህ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ያፈራው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። እነዚያ ሰዎች ሽንት ቤት ያስቆፍሩ፣ ምንጭ ያጎለብቱ ነበር። ስፓይሮሜትሪና ሲቲ ስካን የመጣው በኋላ ነው፤ ሥራችን የተጀመረው ግን ከሰው ደጃፍ ነው። ቲቲፒ የሚወጡ ተማሪዎች በየዙሩ አንድ ምድጃ፣ አንድ ብቻ፣ ሳንባው ለተጎዳ አንድ ሰው ቢሠሩ እላለሁ። መምህሯም የሰፈሩ ሸክላ ሠሪ ትሁን፤ ክፍያዋም እንደ መምህር ይከፈላት። ተማሪዎቹ ከጭቃው ጋር ሌላ ነገርም ይማራሉ፤ ዕውቀት የሚሰጥ ሰው ሁሉ ጋውን እንደማይለብስ።

ሦስተኛው ውጭ አገር ላላችሁ። ለእናቶቻችሁ ፓፍ በሰው እጅ እንደምትልኩ አውቃለሁ፤ ከመካከላችሁ አንዳንዶች ለእኔም ልካችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። መላኩ አይቅር። በሚቀጥለው ስትደውሉ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ አለው ወይ?» በሉ። ከሌለው የአንድ ወር ፓፍ ዋጋ ብዙ ጊዜ ቱቦውን ያሠራል።

ምድጃውን ለማየት የምትፈልጉ ከበዓሉ በኋላ ወደ ዳባት አብራችሁኝ መሄድ ትችላላችሁ። እትዬ ቦታው ላይ ሊያስረዱ ፈቃደኛ ናቸው፤ እቴቴም እንግዳ ትወዳለች፣ ከደረሳችሁ ሳትበሉ አትለቃችሁም። ጋቢ ግን ያዙ።